«ይህ ርዕስ እየጨመረ ነው» ከማለታችሁ በፊት

ሥራዬ ለተመራማሪዎች መረጃ መፈለግና መቁጠር ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣልኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ «በዚህ ርዕስ ላይ ጥናቱ እየጨመረ መሆኑን የሚያሳይ ግራፍ ሥሪልኝ።» ጠያቂው መልሱን ቀድሞ ወስኗል። የቀረችው ወደ ላይ የምትወጣ መስመር ብቻ ናት።

እሷን ማግኘት ደግሞ ቀላል ነው። የሕክምናና የሥነ ሕይወት ጽሑፎች በሚመዘገቡበት የኢንተርኔት ዳታቤዝ፣ ፐብሜድ ላይ ከ37 ሚሊዮን በላይ መዝገብ አለ። በየዓመቱም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይጨመርበታል። በዚህ ጎርፍ ውስጥ ባለበት የቆመ ርዕስ እንኳ ከፍ ከፍ ሲል ይታያል። ስለዚህ ቁጥር ሲዘል መጀመሪያ የምጠረጥረው መቁጠሪያውን ነው። ሳይንሱ የሚቀጥለው ተራ ላይ ነው።

ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት

ምን ይቆጠራል? የት? ከመቼ እስከ መቼ? ከምን ያህል ውስጥ? አራቱ ካልተመለሱ ኮምፒውተሩን አትክፈቱ። «የካንሰር ጥናት ጨምሯል ወይ?» የሚባለው ወሬ እንጂ ጥያቄ አይደለም። «ከ2010 እስከ 2023 ፐብሜድ ላይ ከወጡ ጽሑፎች ውስጥ፣ በርዕሳቸው ወይም በአብስትራክታቸው (በአጭር ማጠቃለያቸው) የጣፊያ ካንሰርን የሚጠቅሱት ድርሻ እንዴት ተለወጠ?» የሚለው ግን ይቆጠራል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምትቆጥሩት ነገር ዓይነትም ይለያል። የታተመ ጽሑፍ የሚነግራችሁ ያለቀውን ሥራ ነው። የተመዘገበ ክሊኒካዊ ሙከራ የታሰበውን፣ የተሰጠ የጥናት ገንዘብ ደግሞ ገና የሚመጣውን ይናገራል። ሦስቱን በአንድ መስመር ላይ አትደባልቁ።

ፍለጋው ላይ ጊዜ አጥፉ

ከሥራው ሁሉ ይበልጥ ጊዜ የሚበላው ይኼ ነው፤ መብላትም አለበት። ስሞች ይለወጣሉ። ኮቪድ-19 ይህን ስም ከዓለም ጤና ድርጅት ያገኘው የካቲት 2020 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት የወጡ ጽሑፎች «አዲሱ ኮሮናቫይረስ» እና መሰል ስሞችን ነው የሚጠቀሙት። በኋለኛው ስም ብቻ ከፈለጋችሁ መጀመሪያው ይቆረጣል።

በባክቴሪያዎች ዲኤንኤ ውስጥ የተገኘውን ክሪስፐርን እዩ። የባክቴሪያዎቹ ተደጋጋሚ ቅደም ተከተል በጽሑፍ የተገለጸው በ1987 ነው፤ ስሙ የመጣው ግን በ2002። ቃሉን ብቻ የሚቆጥር ሰው መስኩ በ2002 ከባዶ የተወለደ ይመስለዋል። ከዚያ ደግሞ በ2012 ጂን ለመቁረጫ መሣሪያነት እንደሚያገለግል ታየ። ከዚያ በፊት ቃሉ በአመዛኙ የባክቴሪያን መከላከያ ይመለከት ነበር፤ ከዚያ በኋላ በአመዛኙ የላብራቶሪ ዘዴ ሆነ። ዛሬ ቃሉን የያዘ አብስትራክት ስለ ክሪስፐር ላያወራ ይችላል። በክሪስፐር ተጠቅሞ ስለ ሌላ ነገር የሚያወራ ብዙ ነው። መስመሩ አንድ፣ የሚቆጠረው ነገር ሁለት።

ሁለት የፍለጋ መንገድ አለ። አንደኛው በርዕስና በአብስትራክት ውስጥ ያለውን ቃል መፈለግ ነው። ሁለተኛው ሜሽ በሚባለው የርዕሰ ጉዳይ መዝገበ ቃላት መፈለግ ነው። ሜሽ ተመሳሳይ ስሞችን በአንድ ጥላ ሥር ስለሚሰበስብ ደስ ይላል። ግን በየዓመቱ ይታደሳል፤ አዲስ ቃል ሲገባ የቆዩት ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሰው አይመደቡም። ስለዚህ የሜሽ ቃል መነሻ ዓመት ላይ የሚታየው ዝላይ የካታሎግ ዝላይ ነው። ቃሉ የገባበት ዓመት በራሱ የሜሽ ገጽ ላይ ተጽፏል፤ ሳታዩ አትለፉ። እኔ ሁለቱንም መንገድ እሠራለሁ። መስመሮቹ አብረው ከሄዱ ጥሩ። ከተለያዩ፣ የሚለያዩበት ዓመት ላይ አንድ ነገር አለ ማለት ነው፤ እሱን ፈልጉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ፐብሜድ ላይ ቃሉን እንዲሁ ስትጽፉ ሲስተሙ በራሱ ተመሳሳይ ቃላትና የሜሽ ስሞች ይጨምርላችኋል። ለአንባቢ ደግ ነው፤ ለቆጣሪ ግን ጣጣ ነው። የፍለጋውን ዝርዝር ክፈቱና በእርግጥ ምን እንደተፈለገ አንብቡ። ከዚያ የሜዳ ምልክቱን፣ ማለትም ቃሉ የት እንደሚፈለግ የሚወስነውን ኮድ፣ ራሳችሁ ጻፉና ቆልፉት።

የምታገኙትን አንብቡ

ይህን ደረጃ ሰዎች ይዘሉታል፤ ግራፉን የሚያድነው ግን እሱ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ከመካከሉና ከመጨረሻው በዘፈቀደ ሠላሳ ሠላሳ ጽሑፍ አውጡ። አብስትራክቱን አንብቡና «ይህ የኔ ርዕስ ነው፤ ይህ አይደለም» እያላችሁ ምልክት አድርጉ። በመጀመሪያው ዘመን ከሠላሳው 27ቱ ትክክል ሆነው፣ በመጨረሻው 15ቱ ብቻ ትክክል ከሆኑ፣ የመጨረሻው ዘመን ቁጥር ግማሹ ገለባ ነው። ፍለጋውን አጥብቁት፤ ካልሆነ ቁጥሩን በየዘመኑ ትክክለኛነት መጠን አርሙት። አሰልቺ ነው፤ አውቃለሁ። ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ።

ቁጥሩን ማውጣት

ለቀላል ሥራ ፐብሜድ ራሱ ከውጤቱ ጎን የሚያሳየው የዓመታት ሰንጠረዥ ይበቃል። በሲኤስቪ ፋይል አውርዳችሁ ኤክሴል ላይ ትከፍቱታላችሁ። ግን ልብ በሉ፦ አንድ ጽሑፍ በኢንተርኔት ኅዳር ላይ ወጥቶ በኅትመት በሚቀጥለው የካቲት ሊወጣ ይችላል። ሰንጠረዡ ሁለቱንም ቀን ስለሚቆጥር ያው ጽሑፍ ሁለት ዓመት ውስጥ ይገባል። የዓመታቱ ድምር ከጠቅላላ ውጤቱ በልጦ ብታገኙት አትደንግጡ።

መዝገቦቹን አውርጄ ራሴ እቆጥራለሁ ካላችሁ ሌላ ገደብ አለ። ከድረ ገጹ በአንድ ፍለጋ የምታወርዱት እስከ 10,000 መዝገብ ብቻ ነው። ትልቅ ርዕስ ከሆነ በዓመት ከፋፍሉት። ብዙ ርዕሶችን የምታወዳድሩ ከሆነ ኤፒአዩን፣ ማለትም ፕሮግራም ፐብሜድን በቀጥታ የሚጠይቅበትን በር፣ ተጠቀሙ፤ ያለ ቁልፍ በሰከንድ 3፣ በነጻ ቁልፍ 10 ጥያቄ ይቀበላል። ቁጥሩን ከቻትቦት ጠይቆ የሚያመጣ ሰው ግን እኔ ጋ አይምጣ።

አካፋይ የሌለው ቁጥር

በየዓመቱ የዳታቤዙን ጠቅላላ ቁጥርም በዚያው መንገድ አውጡ፤ ከዚያ አካፍሉ። ለምሳሌ ያህል የፈጠርኩትን ሒሳብ እንይ። አንድ ርዕስ በ10 ዓመት ከ200 ወደ 800 ጽሑፍ አደገ እንበል። አራት እጥፍ ነው፤ በዓመት ወደ 15 በመቶ ይመጣል። በዚያው ጊዜ ጠቅላላው ከ1 ሚሊዮን ወደ 1.5 ሚሊዮን ካደገ፣ ድርሻው ከ100 ሺህ ጽሑፍ 20 የነበረው ወደ 53 ገደማ ሆኗል። ይህ 2.7 እጥፍ ነው፤ በዓመት 10 በመቶ ገደማ። አሁንም ጥሩ ዕድገት ነው፤ ግን አራት እጥፍ አይደለም።

የዓመታዊ ዕድገቱ ሒሳብ ቀላል ነው። የመጨረሻውን ለመጀመሪያው አካፍሉ፤ በመካከል ያሉትን ዓመታት ያህል ሥሩን አውጡ፤ 1 ቀንሱ። በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን ለመገመት 70ን ለመቶኛው ማካፈል ይበቃል።

አካፋዩ ሁልጊዜ መላው ዳታቤዝ መሆን የለበትም። ስለ አንድ የካንሰር ዓይነት ከሆነ የምታወሩት ከጠቅላላው የካንሰር ጥናት ጋር ማወዳደር የተሻለ ይናገራል።

መቁጠሪያው የተለወጠባቸው ዓመታት

እነዚህን ወረቀት ላይ ጽፌ ጠረጴዛዬ አጠገብ ለጥፌያለሁ። የፐብሜድ ዋናው ክፍል የሆነው ሜድላይን አብስትራክት መያዝ የጀመረው በ1975 ነው። ከዚያ በፊት የቃል ፍለጋ የሚያየው በአመዛኙ ርዕስን ብቻ ነው፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ «የፈነዳ» ርዕስ ስታዩ ይህን አስታውሱ።

2005 የክሊኒካዊ ሙከራዎች ዓመት ነው። የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በ2004 ያልተመዘገበ ሙከራ አናትምም ብሎ ያወጣው ደንብ በዚህ ዓመት ሥራ ላይ ዋለ። የአሜሪካው የሙከራ መዝገብ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ከ13,153 ወደ 22,714 ዘለለ፤ 73 በመቶ። ዓለም በአምስት ወር ውስጥ ድንገት ሙከራ ወዳድ አልሆነችም። ደንብ ወጣ፣ ሰው ተመዘገበ፤ በቃ።

የተገላቢጦሹም አለ። በ2015 የፕሮቲን ቅደም ተከተሎችን የሚይዘው ዩኒፕሮት ተደጋጋሚ የባክቴሪያ መዝገቦችን ሲያጸዳ ያልተገመገመው ክፍሉ በግማሽ ገደማ ቀነሰ። አንድም ሳይንቲስት ሥራ አልፈታም።

የበሽታ መረጃ የምትቆጥሩ ደግሞ በጥቅምት 2015 የአሜሪካ ሆስፒታሎች ከዘጠነኛው ወደ አሥረኛው የበሽታ ምደባ መሸጋገራቸውን ያዙ። የምርመራ ኮዶቹ ከ14 ሺህ ገደማ ወደ 68 ሺህ ገደማ ሆኑ። አንድ ኮድ ብቻ ይዞ ያንን ወር መሻገር አይቻልም።

ከ2020 ጀምሮ ፐብሜድ አንዳንድ ፕሪፕሪንቶችን፣ ማለትም በገምጋሚ ሳይታዩ የወጡ ጽሑፎችን፣ ይይዛል። ፕሪፕሪንቱም የመጨረሻው ጽሑፍም ሊቆጠሩ ስለሚችሉ በኅትመት ዓይነት ለይታችሁ አውጧቸው። ከ2022 ወዲህ ደግሞ የሜሽ ምደባው በማሽን ሆኗል፤ በሜሽ የምትቆጥሩ ከሆነ በዚያ ዓመት ላይ ቀጭን መስመር አስምሩ።

ትንንሽ ቁጥሮችና የመጨረሻው ዓመት

ከ3 ወደ 9 የሄደ ርዕስ «200 በመቶ አደገ» ሲባል እንዳልስቅ እቸገራለሁ። ፈጣን መለኪያ ልስጣችሁ። የሁለቱን ዓመት ቁጥር ደምሩና ካሬ ሥሩን አውጡ። ልዩነታቸው ከዚያ እጥፍ ካላለፈ የዕድል ነገር ሊሆን ይችላል። 16 እና 22 ከሆኑ ልዩነቱ 6 ነው፤ የድምሩ ሥርም ወደ 6 ይመጣል። ስለዚህ ምንም አልተባለም። 1,600 እና 2,200 ከሆኑ ግን ልዩነቱ 600፣ ሥሩ 62 ገደማ። ያ ለውጥ ነው። ቁጥራችሁ ትንሽ ከሆነ ሦስት ሦስት ዓመት ሰብስባችሁ ቁጠሩ።

ያላለቀውን ዓመት ከግራፉ አውጡ። ያለፈውንም ቢሆን ተጠራጠሩት፤ መዝገብ እየዘገየ ይገባል፣ ሜሽ የሌላቸውም ይኖራሉ። መጨረሻ ላይ የምታዩት ቁልቁለት አብዛኛውን ጊዜ ይኼው ነው። በዚያ ቁልቁለት ላይ «ፍላጎቱ ቀዘቀዘ» ብሎ የደመደመ ጽሑፍ አንብቤ ገረመኝ።

ሥዕሉ

የተለያየ መጠን ያላቸውን ርዕሶች ስታወዳድሩ ቋሚውን መስመር በሎጋሪዝም ሚዛን አድርጉት። እዚያ ላይ እኩል ዘንበል ማለት እኩል የዕድገት ፍጥነት ነው። አቅጣጫው የተቀየረበትን ዓመት በዓይን አትገምቱ። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም በነጻ የሚሰጠው ጆይንፖይንት የሚባል ሶፍትዌር መስመሩ የሚታጠፍበትን ቦታ ይፈልጋል፤ በየቁራጩም ዓመታዊ የመቶኛ ለውጥ ከነስሕተት ወሰኑ ይሰጣል። እጥፋቱ ላይ ሲደርስ የኔን ዝርዝር አውጡና አስተያዩ። የቃላት ዳመና (ብዙ የተደጋገመው ቃል በትልቁ የሚጻፍበት ሥዕል) ሥሪልኝ የሚለኝ ሰውም አለ። ያምራል፤ ግን ትልቁ ቃል መቼ ትልቅ እንደሆነ አይናገርም።

ከግራፉ ሥር የፍለጋውን ሙሉ ጽሑፍና የሠራችሁበትን ቀን አስፍሩ። ዳታቤዙ በየቀኑ ይለወጣል፤ ያው ፍለጋ በሚቀጥለው ወር ሌላ ቁጥር ይሰጣል። ለአለቃ ወይም ለገምጋሚ የምትልኩት ዓረፍተ ነገር እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «ከ2010 እስከ 2020 የርዕሱ ድርሻ ከ100 ሺህ ጽሑፍ ከ20 ወደ 53 ከፍ ብሏል። ቆጠራው በርዕስና በአብስትራክት ቃል የተሠራ ነው፤ ፕሪፕሪንት አልተካተተም። ከየዘመኑ ሠላሳ ጽሑፍ ተነቧል።»