ፀሐይ አየሩን እንዴት እንደምታሞቅ ደጃችሁ ላይ ሆናችሁ ለማየት

በኅዳር ጠዋት 1 ሰዓት ደብረ ብርሃን ላይ ፀሐይዋ ወጥታለች። ሣሩ ግን ገና ውርጭ ለብሶ ነጭ ነው፤ ጣት ያደነዝዛል። ስሟ የብርሃን፣ ጠባይዋ የብርድ!

ፀሐይ ይበልጡን የምታሞቀው አየሩን ሳይሆን መሬቱን ነው። አየሩ ከታች፣ ከመሬቱ ይሞቃል፤ ጊዜም ይፈልጋል። ይህን ለማየት ሁለት ቴርሞሜትር ይበቃል። የትኩሳት መለኪያው አይሆንም።

መጀመሪያ አንዱን ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ከመሬት 1.5 ሜትር ገደማ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ፀሐይ ካረፈበት የሚነግራችሁ የራሱን ግለት ነው። እኔ መጀመሪያ ቆርቆሮ ላይ ሰቅዬው ከተማው አፋር የገባ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ከንጋት እስከ ምሽት በየሰዓቱ ጻፉ። ፀሐይ አናት ላይ የምትሆነው 6 ሰዓት ገደማ ነው፤ ሙቀቱ የሚያይለው ግን 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ነው። ከ6 ሰዓት በኋላም መሬቱ የሚቀበለው ሙቀት ከሚለቀው በልጦ ይቆያላ። ሌሊት መሬቱ መልቀቅ ብቻ ነው ሥራው። ስለዚህ የብርዱ ጫፍ እኩለ ሌሊት ሳይሆን ንጋት ላይ ነው።

ሁለተኛውን ቴርሞሜትር ማታ ሣሩ ላይ አስተኙት። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት የመሬቱ ሙቀት ወደ ላይ ይሄዳል፣ የሚመልሰው የለም። ንጋት ላይ የተሰቀለው ከዜሮ በላይ እያለ የሣሩ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። «ብርዱ ያን ያህል አልነበረም» ስንል ባቄላውን ውርጭ መትቶት የምናገኘው ለዚህ ነው። ደመናማ ሌሊት ድገሙት፤ ልዩነቱ ይጠባል። ደመና እንደ መንዝ ባና ነው፣ ሙቀቱን ያፍናል። ክረምት ላይ ውርጭ እምብዛም የማናየው በዚህ ምክንያት ነው።

ፀሐይ አየሩን በቀጥታ ብታሞቅ ኖሮ ከደብረ ብርሃን ከፍ ብሎ ወደ እሷ የሚቀርበው የጣርማ በር ተራራ በጋለ ነበር! ብርዱን ያለፈበት ያውቀዋል። ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ነው ጃኬት የሚወልቀው። አየር ወደ ላይ ሲወጣ ተለጥጦ ይቀዘቅዛል፤ በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ገደማ። ደብረ ብርሃን ከሸዋ ሮቢት 1,500 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ስለዚህ 10 ዲግሪ ገደማ ልዩነት ጠብቁ።

ሸዋ ሮቢት ዘመድ ካላችሁ 8 ሰዓት ላይ ደውሉና እኩል አንብቡ። አንዳችሁ ጋ ከደመነ ግን ሌላ ቀን ሞክሩት።