12ኛ ክፍል ናችሁ? እነዚህን ነገሮች ተዉ

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው። ባለፈው ቅዳሜ የቆዩ የማትሪክ ፈተናዎችን ይዞ ቤት መጣና አብረን ፊዚክስ መሥራት ጀመርን። አንዱን ጥያቄ አንብቤ ሳልጨርስ «ሲ ነው» አለኝ። ምርጫዎቹን በመዳፌ ሸፈንኩና «እስቲ ሠርተህ አሳየኝ» አልኩት። እስክሪብቶውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። ልጁ የአምስት ዓመት መልስ በቃሉ ይዟል፤ ቬሎሲቲ ከአክስለሬሽን በምን እንደሚለይ ግን ጠፍቶበታል።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፣ መልስ መሸምደድ። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው በአብዛኛው የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። ስልክ ይዞ መግባት የለም። በዚያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፣ በ2017 እንኳ 8.4 በመቶ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ካቃታችሁ ሳታፍሩ እስከ 9ኛ ክፍል መጽሐፍ ተመለሱ፣ ቀዳዳው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። «ካልሆነ ሪሚዲያል አለ» ማለቱንም ተዉት፣ ያ የማካካሻ ትምህርትም የራሱ ፈተና አለው።

ሁለተኛው የእኛው የጅማ ጣጣ ነው፦ ጫት ቅሞ ማጥናት። እኔም አድርጌዋለሁ፣ ጻድቅ አልሆንባችሁም። በምርቃና ሌሊት ሁሉም ነገር ግልጽ ይሆናል፣ ሠላሳ ገጽ ትገለብጣላችሁ፣ ጠዋት ስትነሡ ግን የቀረው የራስ ምታቱ ነው። ፈተና ግቢ ገብታችሁ ስታድሩ ደግሞ ጫት የለም። ያለሱ ማንበብ የማይችል ጭንቅላት ያኔ ምን ይሁን?

እኔን በጣም የሚያበሳጨኝ ሦስተኛው ነው። ልጁን «ምን ልትማር ነው?» ስትሉት «ሜዲስን፣ ካልሆነ ሶፍትዌር» ይላል። ለምን? ጎረቤት ስለነገረው። ዩኒቨርሲቲው እኮ እዚሁ አፍንጫችን ስር ነው! ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ሲመሠረት የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ነው፣ ትምህርቱም ኅብረተሰብ ተኮር ስለሆነ ተማሪዎቹ ሰፈር ለሰፈር ይዞራሉ። ምናልባት እናንተም ቤት መጥተው «ስንት ሰው ይኖራል? ውኃ ከየት ትቀዳላችሁ?» ብለው ጠይቀው ይሆናል። በሚቀጥለው ሲመጡ ቡና አቅርቡና በተራችሁ ጠይቋቸው፦ ምን ትማራላችሁ፣ ምኑ ይከብዳል፣ አምና የተመረቁት የት ገቡ? ከአንድ ሲኒየር ጋር ግማሽ ሰዓት ማውራት ከአጎታችሁ የሦስት ዓመት ምክር ይበልጣል። ቡና ካነሣሁ አይቀር፣ እዚሁ አጠገባችን መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በቡና ምርምር የታወቀ ነው፤ ቡና እየሸተተው ያደገ የጅማ ልጅ ግን ቡና መቅመስ ራሱ ሙያ መሆኑን ሲሰማ ይስቃል።

ወላጆችም አላችሁበት። «ዶክተር ካልሆንክ ልጄ አይደለህም» ዓይነቱ ነገር ልጁን ፎርም ላይ ያስዋሸዋል።

መጨረሻ ላይ፣ ገባን ብሎ መዘናጋት። መጀመሪያ የሚደርሳችሁ ዩኒቨርሲቲው ነው፣ ዲፓርትመንት የሚመረጠው ከፍሬሽማን በኋላ በውጤት ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር ካፌና ዶርም ሲዞር የከረመ ልጅ የፈለገው ትምህርት በነጥብ ያመልጠዋል። የመውጫ ፈተናም ከ2015 ጀምሮ አለ፣ እሱን ሳታልፉ ምረቃ የለም።

የእህቴ ልጅ ቅዳሜ ይመለሳል። ምርጫዎቹን በወረቀት ሸፍኜ እጠብቀዋለሁ።