የልጅነት ካርቱን ካሴቶቻችሁን እንዴት ታድናላችሁ?

ባሕር ዳር ውስጥ ብዙ ሰው ቤት፣ ብፌ ሥር ወይም አልጋ ሥር ባለ ካርቶን ውስጥ፣ የቪዲዮ ካሴቶች አሉ። «ማጫወቻው ዴክ የለ፣ ምን ይሠራል?» እየተባለ በየዓመቱ ለአዲስ ዓመት ጽዳት ይጣላሉ። እባካችሁ አትጣሏቸው። የካርቱኑ ንጹሕ ቅጂ ዛሬ በስልክም ይገኛል። የእናንተ ካሴት ግን አንድ ብቻ ነው።

እኛ ሽምብጥ ሠፈር ነው ያደግነው። አጎቴ ከጅዳ የሚልካቸው ካሴቶች ነበሩ፤ ሌሎቹ ደግሞ ከጎረቤት ተውሰን ከዴክ ወደ ዴክ ያስቀዳናቸው ናቸው። ካርቱኑ ሲያልቅ ካሴቱ አያልቅም። የአክስቴ ሠርግ ግማሹ ይመጣል፣ ከዚያ ከቴሌቪዥን የተቀዳ የልጆች ፕሮግራም ቁራጭ። እንግሊዝኛም ዐረብኛም ስለማንሰማ ደግሞ ወንድምጋሼ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ በአማርኛ ይነግረናል። ለእያንዳንዱ እንስሳ የየራሱ ድምፅ ነበረው። እኔ እስከ ዛሬ የምወደው ፊልም ያ እሱ የነገረን ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። እዚህ የካሴት ዋና ጠላት ሙቀት አይደለም፣ እርጥበት ነው። በተለይ ጣና ዳር ያለ ቤት ክረምቱን ሙሉ ሲረጥብ ይከርማል፣ ካሴቱም ይሻግታል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ካሴቱን በቀን ብርሃን ይዛችሁ በመስኮቱ በኩል ጥቅልሉን እዩ። ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ስትጫኑ የፊት ክዳኑ ይነሣል። ቴፑ ጥቁርና አብረቅራቂ መሆን አለበት። ነጭ ዱቄት ወይም ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ ዴክ ውስጥ አታስገቡት። ሻጋታው ሄዱ፣ ማለት ቴፑን የሚያነበው የዴኩ ክፍል ላይ ይቀራል፣ ከዚያ ቀጥሎ የሚገባውን ጤነኛ ካሴት ይበክላል። ለብቻው ለዩት፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት፣ የሚያጸዳ ባለሙያ ፈልጉለት። ፀሐይ ላይ ማስጣት ግን አይሆንም፣ ቴፑ ይጣመማል። ጤነኞቹን መጽሐፍ እንደሚደረደር አቁማችሁ አስቀምጡ። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙት እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶች እዚህ ትልቅ ጥቅም አላቸው።

ዴክ ከየት ይመጣል? አዲስ አትፈልጉ። የመጨረሻው አምራች የጃፓኑ ፉናይ ማምረት ያቆመው ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ዘመድ ጠይቁ፤ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ ዴክ ያለው ሰው አይጠፋም። ከቆየ የላስቲክ ቀበቶው ደርቆ ሊሆን ይችላል፣ የድሮ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ይቀይርላችኋል። መጀመሪያ የማትሳሱለትን ካሴት አስገብታችሁ ሞክሩት።

ሄዱን ለማጽዳት ሶኬቱን ንቀሉ። ንጹሕ ነጭ ወረቀት ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል አርጥባችሁ ከበሮው (ሄዱ ያለበት የሚዞረው ክብ ብረት) ላይ በስሱ ያዙ፣ ከበሮውን ደግሞ በሌላው እጅ ቀስ ብላችሁ አሽከርክሩ። ወረቀቱን ወደ ላይና ወደ ታች ከፈተጋችሁት ሄዱ ይሰበራል። ጥጥም አይሆንም፣ ክሩ ይቀራል። ይህ ከበሮ ሲሠራ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ነው የሚዞረው፤ ሄዱ ላይ ያለ ትንሽ ቆሻሻም ምስሉን በበረዶ ይሞላዋል።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። የቴሌቪዥን ምስል የሚቀዳበት ስልት እንደ አገሩ ይለያያል፤ የእኛ አገር ቴሌቪዥን የለመደው ፓል የሚባለውን ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከው ካሴት ግን ኤንቲኤስሲ ነው። ከዐረብ አገር የመጣውም ሜሴካም ሊሆን ይችላል። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከመጣ፣ ወይም ከተንከባለለ፣ ካሴቱ ሞቷል ብላችሁ አትፍረዱ። ሦስቱንም የሚያነብ ዴክ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ለመቅዳት ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ የቪዲዮ መቅጃ፣ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመድ፣ ላፕቶፕ፣ እና ኦቢኤስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃሉ። ካሴቱን ከማጫወታችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አሳልፉትና መልሱት፤ ለዓመታት ተጣብቆ የቆየው ቴፕ ይላቀቃል። መጠኑን ለፓል 720 በ576፣ በሰከንድ 25 ምስል አድርጉ። የፋይሉን ዓይነት ኤምኬቪ ምረጡ። መብራት መሄዱ አይቀርም፣ ኤምፒ4 ከሆነ መሐል ላይ ሲቋረጥ ፋይሉ አልከፈት ሊል ይችላል። ኤምኬቪ እስከዚያ የተቀዳውን ይዞ ይቆያል። መብራት ሲጠፋ ዴኩ ውስጥ የቀረውን ካሴት በጉልበት አትጎትቱ። መብራቱ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ራሱ ይመልሰዋል።

ካርቱኑ ሲያልቅ መቅዳቱን አታቁሙ። አስከፍለው የሚቀዱ ቤቶች ብዙ ጊዜ ጅራቱን ይቆርጡታል፣ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። እስከ መጨረሻው ጥቁር ድረስ ይሂድ። ሠርጉም፣ ዜናውም፣ በሰው እጅ የተቋረጠው ማስታወቂያም ይግባ።

አሁን ካሴቱ ላይ የሌለውን ጨምሩ። ተርጓሚያችሁን ጥሩ። ታላቅ እኅት፣ የሠፈር ልጅ፣ ወንድምጋሼ፣ ማንም ይሁን። የተቀዳውን ፋይል ክፈቱለትና ማይክ አጠገቡ አድርጉ። ኦቢኤስ የካርቱኑን ድምፅና የማይኩን ድምፅ በተለያየ መስመር መቅዳት ስለሚችል አንዱ ሌላውን አያጠፋም፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሁለቱም መስመሮች እንዲቀዱ ምረጡ፣ ከዚያ በድምፅ ማስተካከያው የካርቱኑን ድምፅ አንደኛው፣ ማይኩን ሁለተኛው መስመር ላይ ብቻ አድርጉ። ተርጓሚው በጆሮ ማዳመጫ ቢሰማ ይሻላል፣ አለበለዚያ የካርቱኑ ድምፅ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ቀድሞ እንዲያየው አታድርጉ። ታሪኩን ቢያዛባ አታርሙት፤ ድሮም እንደዚያው ነበር፣ እኛም የምናውቀው የተዛባውን ነው። ልጆች ካሉ አጠገቡ ይቀመጡ፣ ፈንዲሻም ይኑር፣ ሳቃቸውንም አትቁረጡ።

ፋይሉ ላይ የሰዎቹን ስምና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉ። አንድ ቅጂ ቤት፣ አንድ ቅጂ ሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ። አንድ ሰዓት ቪዲዮ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ጥቂት ጊጋ ነው፤ ፍላሽ ላይ ገልብጣችሁ ለተርጓሚውም ስጡት።