የጨርቅ ሴንሰሩ አልታዘዝ ሲል ከየት እንጀምር?

የሚለጠጥ የጨርቅ ሴንሰር (ሲለጠጥ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የመቋቋም መጠኑ፣ የሚለዋወጥ ጨርቅ) ጉልበት ወይም ክርን ላይ አስራችሁ ቁጥሩ አልጨበጥ ካለ፣ ወደ ኮዱ አትሩጡ። አብዛኛው ጣጣ ጨርቁና ሽቦው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው ያለው።

ንባቡ ድንገት ይዘላል፣ አንዳንዴም ይጠፋል
ሴንሰሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ሳትለጥጡት መጋጠሚያውን ብቻ ነካ ነካ አድርጉ። መልቲሜትሩ (የኤሌክትሪክ መለኪያው) ላይ ሬዚስታንሱ ከዘለለ ጥፋተኛው ተገኘ። ክሩ ለስላሳ ነው፣ ሽቦው ግትር፤ ሰውየው በተንቀሳቀሰ ቁጥር እዚያች ነጥብ ላይ ይጎተታተታሉ። በሶልደር (በቀለጠ ብረት) እይዘዋለሁ ካላችሁ ደግሞ ቀስ በሉ፦ በብር የተለበጠው ክር ብዙ ጊዜ ውስጡ ናይለን ነው፣ ናይለን እንደ ዓይነቱ ከ220 እስከ 260 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጣል፣ የሶልደሩ ብረት ግን በተለምዶ ከ300 በላይ ይግላል። ተጭኖ በሚገጥም የብረት ቁልፍ ያዙት፣ ወይም ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ክር ደጋግማችሁ ስፉት። ከዚያ መጋጠሚያውን ከጀርባው በማይለጠጥ ጨርቅ ደግፉት። ይቺን ብዙ ሰው ይዘላታል፣ ለውጥ የምታመጣው ግን እሷ ነች።

ቢለጠጥም ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም
መልቲሜትሩ ለውጥ እያሳየ ኮምፒውተሩ ካላየ፣ ከሴንሰሩ ጋር በተከታታይ ያሰራችሁት ቋሚ ሬዚስተር አልተስማማም ማለት ነው። ሴንሰሩ ከ1 እስከ 4 ኪሎ ኦም የሚሄድ ከሆነ፣ 100 ኪሎ ኦም ብታስገቡ ኮምፒውተሩ ንባቡን ከሚከፋፍልባቸው 1024 ደረጃዎች ውስጥ 29 ያህሉን ብቻ ትጠቀማላችሁ። 2 ኪሎ ኦም ሲሆን ግን 341! የሚስማማውን ሬዚስተር ለማግኘት የሴንሰሩን ዝቅተኛና ከፍተኛ ሬዚስታንስ አባዙ፣ ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ፣ በቃ።

እጁ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ቁጥሩ ግን አልተመለሰም
ይሄ ብልሽት ሳይሆን የጨርቁ ባሕርይ ነው። ክሮቹ እርስ በርስ ይፋተጋሉ፣ ላስቲኩም ቀስ ብሎ ነው የሚሰበሰበው፤ ስለዚህ ሲለጠጥና ሲመለስ የሚሄድበት መንገድ ይለያያል። አዲስ ሴንሰር ከመለካታችሁ በፊት ንባቡ እስኪረጋጋ ደጋግማችሁ ለጥጡት። ስትገጥሙትም ትንሽ ወጠር ብሎ ይጀምር። እርምጃ ለመቁጠር ከሆነ ልዩነቱ አያስጨንቅም። ትክክለኛ የመገጣጠሚያ ማዕዘን ከፈለጋችሁ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጨርቅ ብቻውን አይበቃም፤ ጋይሮስኮፕ (የመዞር ፍጥነትን የሚለካ ሴንሰር) ጨምሩበት።

አንዴ ታጥፎ ሁለት ጉብታ ያሳያል
በሹራብ አሠራር በተሠሩት ላይ ይታያል። መጀመሪያ ቀለበቶቹ ይጠጋጉና ሬዚስታንሱ ይወርዳል፣ ከዚያ ክሩ ራሱ ሲወጠር ይወጣል። ማስመሪያ ላይ ቀስ እያላችሁ ጎትቱና መዝግቡ። መታጠፊያው የት እንደሆነ ካወቃችሁ፣ ሁልጊዜ ከዚያ በኋላ እንዲሠራ አስቀድማችሁ ወጥሩት።

ትናንት ልክ ነበር፣ ዛሬ ተዛባ
ልብሱ ሁለቴ እዚያው ቦታ ላይ አያርፍም። በለበሱት ቁጥር አንዴ ቀጥ፣ አንዴ ሙሉ በሙሉ እጥፍ አስደርጉና በሁለቱ ንባቦች መለኪያውን እንደገና አስተካክሉ።

ላብ ሲመጣ ሬዚስታንሱ ይወርዳል
ጨዋማው ላብ ራሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ስለዚህ ለጅረቱ አቋራጭ ይከፍትለታል። በስስ ሲሊኮን ሸፍኑት፣ ግን ሲሊኮኑ ጨርቁን እንደሚያጠነክረው አትርሱ፤ ከሸፈናችሁ በኋላ መለኪያውን ከዜሮ ጀምሩ። ከታጠበ በኋላ ሬዚስታንሱ ከፍ ብሎ ከቀረ ደግሞ የብር ልባጡ ተልጧል፣ ቀይሩት።

የንባቡ ግራፍ መስመር ጥርስ ጥርስ ይላል
ላፕቶፑን ከቻርጀር ንቀሉ። ከጠራ፣ ከመብራት መስመር የመጣ 50 ወይም 60 ኸርዝ ነው። የሰው እንቅስቃሴ በአብዛኛው ከ10 ኸርዝ በታች ስለሆነ ከዚያ በላይ ያለውን በፊልተር ብትቆርጡት ብዙም የሚቀርባችሁ ነገር የለም።