የድሮ የጎንደር ፖስት ካርድ ከጀርባው እንዴት ይነበባል

በጎንደር አንዳንድ ቤቶች በአልበም መካከል ወይም በመጽሐፍ ቅጠል ውስጥ ተሸጉጠው የቀሩ የፋሲል ግቢ ፖስት ካርዶች አሁንም ይገኛሉ፤ የሚያያቸው ሰው ግን ሥዕሉን ተመልክቶ ይመልሳቸዋል እንጂ ጀርባቸውን አያነብም። ካርዱ መቼና በማን እንደተሠራ አብዛኛውን የሚናገረው ግን ጀርባው ነው።

ምርመራው ሦስት ሰዎችን ለይቶ በመፈለግ ይጀምራል፤ እነርሱም ፎቶውን ያነሣው፣ ወጪውን ችሎ ካርዱን ለሽያጭ ያቀረበው አሳታሚ እና በማተሚያ ቤቱ የሠራው አታሚ ናቸው። በአማርኛ አታሚና አሳታሚ የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው፤ በካርዱ ታሪክ ውስጥ ግን ሁለቱ ብዙ ጊዜ በተለያየ አገር የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት የብዙ አገር ነጋዴዎች ፎቶግራፋቸውን ወደ ጀርመን ልከው ያሳትሙ ነበርና፣ በድሬስደን እንደነበረው እንደ ስቴንግል ያሉ ማተሚያ ቤቶች ፈጽሞ ያላዩትን ከተማ ሥዕል በብዛት ያትሙ ነበር። በጣሊያንኛ ካርድ ላይ «ኤዲዚዮኔ» ከሚለው ቃል ወይም ከምኅጻሩ ቀጥሎ የሚገኘው ስም የአሳታሚው ነው፤ የአታሚው ስም ካለ በጠርዙ ላይ በደቃቅ ፊደል ይፈለጋል። በሥዕሉ ውስጥ በነጭ የእጅ ጽሑፍ የሚታይ መግለጫ ደግሞ ፎቶው በሚታተምበት ፊልም ወይም መስታወት (በኔጌቲቩ) ላይ የተጻፈ ነው።

ቀጥሎ ጀርባውን ለሁለት የሚከፍለውን መስመር ይመልከቱ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀርባው ለአድራሻ ብቻ የተፈቀደ ስለነበር፣ ላኪው ሰላምታውን በሥዕሉ ጠርዝ ላይ አጣብቦ ይጽፍ ነበር። የተከፈለውን ጀርባ ብሪታንያ በ1902፣ ጀርመን በ1905፣ አሜሪካ በ1907 እ.ኤ.አ. ፈቀዱ፤ ስለዚህ መስመሩ ያለው ካርድ ከዚያ ወዲህ የታተመ ነው።

የኅትመቱን ዓይነት ለመለየት አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይበቃል። የግንቡን ግድግዳ ሳይሆን ሰማዩን ይመርምሩ፤ ድንጋዩ ራሱ ሸካራ ስለሆነ ያሳስታል። በሰማዩ ላይ በረድፍ የተሰለፉ ነጠብጣቦች ከታዩ ሥዕሉ ሃፍቶን በሚባለው የነጠብጣብ ኅትመት የታተመ ነው። እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ፣ ረድፍ የሌለው ደቃቅ ቅንጣት ከታየ ኮሎታይፕ የሚባለው የጄላቲን ኅትመት ነው፤ ይህ መልክ በመስታወት ላይ ከተቀባው ጄላቲን መኮማተር የመጣ ነው። ምንም ነጠብጣብ ሳይኖር ጥላው ቀስ እያለ ከጠፋ ግን በፎቶ ወረቀት ላይ የታጠበ እውነተኛ ፎቶግራፍ ነው፤ የጣሊያን አሳታሚዎች ይህንኑ «ቬራ ፎቶግራፊያ» ብለው ከጀርባ ይጽፉ ነበር።

የጣሊያን ጦር ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን የተሸነፈው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። በካርዱ ላይ በሮማውያን ቁጥር የተጻፈ የፋሺስት ዘመን፣ ማለትም የሙሶሊኒ አገዛዝ የራሱ የዓመት ቁጥር፣ ካለ፣ በቁጥሩ ላይ 1914 ሲደመርበት በእኛ አቆጣጠር የሚገጥመው ዓመት በግምት ይገኛል፤ 15 ከሆነ 1929 ዓ.ም. ይሆናል ማለት ነው። የፋሺስቱ ዓመት ጥቅምት ላይ ስለሚጀምር፣ ለመስከረም ስሌቱ በአንድ ዓመት ያንሳል። ጽሑፍ ከሌለ ሥዕሉ ራሱ ይመሰክራል፤ የፒያሳው ፖስታ ቤት ሕንፃ የወረራው ዘመን ሥራ ስለሆነ፣ እርሱ የሚታይበት ካርድ ከ1928 በፊት ሊሆን አይችልም። የፖስታ ማኅተም ግን የሚያረጋግጠው ካርዱ ከዚያ ቀን በፊት መታተሙን ብቻ ነው፤ አሳታሚዎች የቆየ ሥዕልን ለዓመታት ይሸጡ ነበርና።

እኔ በወጣትነቴ አንድ ካርድ በሙጫ አልበም ላይ ለጥፌ፣ በኋላ ለማላቀቅ ስሞክር የአሳታሚው ስም ከነወረቀቱ ተገሽልጦ ቀረ። ስለዚህ ካርዱን በአራት የወረቀት ማዕዘን ብቻ ይያዙት፤ ያገኙትንም ሁሉ ለስላሳ እርሳስ ይዘው በካርዱ ላይ ሳይሆን ካርዱን በሚያስቀምጡበት ፖስታ ወይም ገጽ ላይ ይጻፉ።