ሰማዩና መጽሐፉ ሲጣሉ

ደብረ ብርሃን ላይ ማታ ወጥቶ ኮከብ ለማየት መጀመሪያ ጋቢ ያስፈልጋል። ከዚያ ትዕግሥት። ተማሪዎቼ ሁለቱንም ይዘው ይወጡና በማግስቱ ቅር ብሏቸው ይመጣሉ። «መጽሐፉ ላይ ያለው ሰማይ ላይ የለም» ይላሉ። ብዙ ጊዜ መጽሐፉም አልዋሸም፣ ዓይናቸውም አልተሳሳተም። ሥዕሉ የተሳለው ከምድር ወገብ ርቆ ለሚኖር ሰው ነው። እኛ ያለነው ደግሞ በሰሜን ኬክሮስ 10 ዲግሪ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው። ደጋግመው የሚመጡብኝን ቅሬታዎች እነሆ።

«የሰሜን ኮከብን አጣሁት»

ሁሉም አንገቱን ቀና አድርጎ ከአናቱ በላይ ይፈልጋል። ከዚያ በጣም የሚያበራውን መርጦ «ይኸው» ይላል። ሁለቱም ስህተት ነው። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ ከምንኖርበት ኬክሮስ ጋር እኩል ነው። አውሮፓ መሃል ላለ ሰው 50 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። ለእኛ 10 እንኳን አይሞላም። ብርሃኑም መካከለኛ ነው፤ ከእሱ የሚደምቁ ብዙ ኮከቦች አሉ።

መፍትሄው እጃችሁ ላይ ነው። ጠዋት ፊታችሁን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙሩ፤ ግራ እጃችሁ ሰሜን ነው። አቅጣጫውን በዛፍ ወይም በምሰሶ ያዙ። ማታ ክንዳችሁን ዘርጉና ጡጫ ጨብጡ። የጡጫው ታች አድማሱን ይንካ። የጡጫ ስፋት 10 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ኮከቡ ከጡጫው አናት አካባቢ ነው። ፊት ለፊት ተራራ ካለ አትድከሙ፣ ገላጣ ቦታ ፈልጉ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ እዩ፤ ሌሎቹ ቦታ ቀይረው እሱ ካልተነቃነቀ አግኝታችሁታል።

ዝቅ ማለቱ አያስከፋችሁ። በዚያው ምክንያት በግንቦት ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ በደቡብ በኩል የደቡብ መስቀል የሚባሉትን ኮከቦች እናያለን። ለንደን ያለ ሰው ከቤቱ ደጃፍ ሆኖ አያያቸውም።

«ጨረቃዋ ተጋድማለች»

መጽሐፉ ላይ አዲስ ጨረቃ እንደ ማጭድ ቆማ ትታያለች። እኛ ጋ ግን እንደ በሬ ቀንድ ሁለቱን ጫፎች ወደ ላይ አድርጋ ትተኛለች። ምክንያቱ ቀላል ነው። የጨረቃ ብሩህ ጎን ሁልጊዜ ወደ ፀሐይ ነው። በምድር ወገብ አቅራቢያ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ጎን ሳትንሸራተት ቀጥ ብላ ትወርዳለች። ስለዚህ ጨረቃ ከፀሐይዋ በላይ ትሆንና ብርሃኑ ከታች ያገኛታል። በመስከረም አካባቢ ትንሽ ዘንበል ትላለች።

እግረ መንገዴን፣ ጨረቃን የሚያጎድላት የምድር ጥላ አይደለም። ጥላው የሚያርፍባት በጨረቃ ግርዶሽ ጊዜ ብቻ ነው። ያላመነ ድንች በእንጨት ይሰካ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪ አብርቶ፣ ድንቹን ከራሱ ትንሽ ከፍ አድርጎ ይዞ በቦታው ይዙር። በአንድ ዙር ውስጥ ማጭዱንም፣ ግማሹንም፣ ሙሉውንም ያያል። እውነተኛዋ ጨረቃ ይህን ለመጨረስ 29 ቀን ተኩል ይፈጅባታል።

«ታኅሣሥ ላይ የሚበርደው ምድር ከፀሐይ ስለምትርቅ ነው»

ይህን ፈተና ላይ የጻፈ ተማሪ ብዙ ነው። ውርጭ ባቄላውን ሲያቃጥል እያየ ላደገ ልጅ ደግሞ ያሳምናል። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ነው፤ ርቀቱ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይሆናል። በጣም የምትርቀው በሰኔ መጨረሻ ነው፣ ያኔ 152 ሚሊዮን ይደርሳል።

ታዲያ ውርጩ ከየት መጣ? በዚያ ወቅት ሰማዩ ጥርት ይላል፣ አየሩም ደረቅ ነው። መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ወደ ጠፈር ይለቀዋል። ደመና ቢኖር እንደ ብርድ ልብስ ይይዘው ነበር። በዚያ ላይ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚያው ሌሊት ሸዋ ሮቢት ያለ ሰው በነጠላ ይተኛል። ሁለቱ ከተሞች ከፀሐይ ያላቸው ርቀት ያው ነው። ጥፋቱ የርቀት ቢሆን ኖሮ ሸዋ ሮቢትም ጋቢ ትደርብ ነበር።

ወቅቶችን የሚያመጣው የምድር ዛቢያ 23.5 ዲግሪ ማዘንበሉ ነው። ይህንን ለማየት አንድ ሜትር ዱላ ሜዳ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። እኛ ጋ ፀሐይ እኩለ ቀን የምትደርሰው ልክ በ6 ሰዓት ሳይሆን 20 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ነው፤ ጥላውን ያኔ ለኩ። በታኅሣሥ አጋማሽ ጥላው 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ሚያዝያ 7 ገደማ ይጠፋል፣ ፀሐይ አናታችሁ ላይ ናት። በሰኔ አጋማሽ ወደ ደቡብ ዞሮ 24 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ነሐሴ 22 አካባቢ እንደገና ይጠፋል፣ ደመናው ካሳያችሁ። «እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ ናት» የሚል መጽሐፍ ካያችሁ ለማን እንደተጻፈ ገባችሁ ማለት ነው።

ስማቸው የሚሸውድ

የብርሃን ዓመት ዓመት አይደለም። «አዲስ አበባ ምን ያህል ይርቃል?» ሲባል «ሁለት ሰዓት ተኩል» እንደምንለው ነው፤ ርቀቱን በመንገዱ ጊዜ መናገር። ብርሃን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በዓመት 9.5 ትሪሊዮን ገደማ ይሆናል።

የአጥቢያ ኮከብም ኮከብ አይደለም፣ ቬነስ የምትባል ፕላኔት ናት። ኮከቦች ከርቀታቸው የተነሳ ነጥብ ስለሆኑ አየሩ ሲያወዛውዛቸው ብልጭ ድርግም ይላሉ። ፕላኔት ግን ረጋ ብላ ታበራለች።

ተወርዋሪ ኮከብ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጥ ነገር አየር ውስጥ ሲነድ ነው። በዓይን ጥቅሻ ያልቃል። ሳምንታት የሚቆየው ጅራታም ኮከብ ሌላ ነው፤ በፀሐይ ዙሪያ የሚዞር የበረዶና የአቧራ ክምር። ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ሰማይ ላይ ከታየ ብርሃን ነው ይባላል። አንዳንድ የታሪክ ሰዎች በ1448 ዓ.ም. የታየው የሃሌ ጅራታም ኮከብ ሊሆን ይችላል ብለው ይገምታሉ። ሃሌ በየ76 ዓመቱ ገደማ ይመለሳል። መጨረሻ የመጣው በ1978 ዓ.ም. ነው። ቀጣዩ በ2053 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ይሆናል። የደብረ ብርሃንን ሐምሌ የምታውቁ፣ ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡ።