መብራት ሄዶ ሲመጣ፦ ከሰርቨር ጀርባ በሚሠሩ ሰርቪሶች ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ላይ ለአንድ የእህል ንግድ ድርጅት ሰርቨር አስተዳድራለሁ። ክረምት ሲገባ መብራት ቶሎ ቶሎ ይሄዳል። ዩፒኤሱ (የመጠባበቂያ ባትሪው) ትንሽ ይይዝና ይለቃል፣ ሰርቨሩም አብሮ ይጠፋል። መብራት ሲመጣ የትኛው ሰርቪስ በደንብ እንደተሠራ፣ የትኛው ለጊዜው እንደተለጠፈ በግልጽ ይታያል።

የማወራው ዩኒክስ ላይ «ዴሞን» ስለሚባሉት ነው። ማንም ሳያያቸው ከጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ናቸው፦ ዳታቤዙ፣ ዌብ ሰርቨሩ፣ ሰርቨሩን ከርቀት የምንገባበት ኤስኤስኤች፣ ሥራን በተባለው ሰዓት የሚያስነሣው ክሮን። ስሙ ከአጋንንት ጋር ጉዳይ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች፣ የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል በሐሳቡ ከፈጠረው ሞለኪውል የሚለይ ፍጡር የወሰዱት ነው። እኛ በየቀኑ ሰርቪስ ነው የምንላቸው፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ። አብዛኞቻችን ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን የተባሉትን ሊኑክሶች ስለምንጠቀም፣ እነሱ ላይ ሰርቪሶችን በሚያስነሣውና በሚቆጣጠረው በሲስተምዲ ላስረዳ።

ስታርት ብሎ ኢኔብልን መርሳት

ስታርት ሰርቪሱን አሁን ያስነሳዋል። ኢኔብል ደግሞ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር እንዲነሣ ያስመዘግበዋል። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ይህን የተማርኩት በሰው እንግልት ነው። የመጋዘኑን የሚዛን መመዝገቢያ አስነሣሁት፤ ሦስት ሳምንት ያለ እንከን ሠራ። አንድ ሌሊት መብራት ሄደ። እኔ ፍኖተ ሰላም ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ጠዋት የመጋዘኗ ጸሐፊ ደወለች። «ወንድም ዓለም፣ ማሽኑ ተነሥቷል፣ ፕሮግራሙ ግን እምቢ አለን። ገበሬው ጤፉን ጭኖ ዝናብ ላይ ቆሟል።» «እስኪ ስታተሱን አንብቢልኝ» አልኳት። ፊደል በፊደል አነበበችልኝ፦ «ዲሴብልድ»፣ ዝቅ ብሎ «ኢንአክቲቭ»። ጥፋቱ የእኔው ነበር።

ኢኔብል ስትሉ «ናው» የሚለውን አማራጭ ጨምሩበት፤ በአንድ ትእዛዝ ሁለቱም ያልቃሉ። ከዚያ ሰው በሌለበት ሰዓት ማሽኑን ሪቡት አድርጉትና ቁጭ ብላችሁ እዩት። ሪቡት ተደርጎ ያልታየ ሥራ፣ ለእኔ አልተጠናቀቀም።

ከተርሚናል አስነሥቶ መሄድ

ፕሮግራሙን በእጅ አስነሥቶ ወደ ጀርባ መላክ የተለመደ ነው። በኤስኤስኤች ገብታችሁ ኔትወርኩ ሲቋረጥ፣ ተርሚናሉ ሲዘጋ «ሃንግአፕ» የሚባል ምልክት ይላካል፤ ፕሮግራሙም ብዙ ጊዜ አብሮ ይሞታል። «ኖሃፕ» ከዚህ ያድናል፤ ከመብራት ግን አያድንም። ፕሮግራሙ በራሱ ስህተት ቢወድቅም የሚያነሣው የለም። አሥር መስመር የማይሞላ የሰርቪስ ፋይል ጻፉለት። ምን እንደሚነሣ፣ በማን ስም እንደሚሠራ፣ ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ ይያዝ፤ በቃ።

«ሪስታርት» ጽፎ ዕረፍቱን አለመወሰን

ብዙ ሰው የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። ፋይሉ ላይ ሲወድቅ ይነሣ ብላችሁ ጽፋችኋል እንበል። ሲስተምዲ በነባሪው በሁለት ሙከራ መካከል የሚያርፈው 100 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ከተነሣ ደግሞ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል።

አሁን መብራት ሄዶ መጣ በሉ። ዳታቤዙ በድንገት ስለጠፋ፣ ሲነሣ መጀመሪያ መዝገቡን እያገላበጠ ራሱን ይጠግናል። ግማሽ ደቂቃ ሊወስድበት ይችላል። አፕሊኬሽኑ ግን አይታገስም። ይነሣል፣ ዳታቤዙን ያጣል፣ ይወድቃል። አምስቱ ዕድል ዓይን ሳይጨፈን ያልቃል። ዳታቤዙ ደህና ሆኖ ሲነሣ አፕሊኬሽኑ ቀድሞ ተቀብሯል።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፦ የሪስታርት ዕረፍቱን 5 ሰከንድ አድርጉት። ያኔ በ10 ሰከንድ ውስጥ አምስት ጊዜ መነሣት ስለማይችል ገደቡ አይነካውም፤ ዳታቤዙ እስኪደርስ ይሞክራል። ከዳታቤዙ «በኋላ» ይነሣ የሚለውንም ጻፉ። ግን እሱ ተራ ብቻ ነው የሚያስይዘው። ዳታቤዙ በኋላ ቢወድቅ ምንም አያደርግላችሁም።

ቶሎ ብሎ በ9 መግደል

ስቶፕ ስትሉ ሲስተምዲ መጀመሪያ ምልክት 15ን ይልካል። «ሥራህን ጨርሰህ ውጣ» እንደማለት ነው። በነባሪው 90 ሰከንድ ይጠብቅና ካልወጣ ነው ማስጠንቀቂያ በሌለው ምልክት 9 የሚገድለው። ችኩል ሰው በቀጥታ 9 ይልካል። ፕሮግራሙ ፋይሉን ለመዝጋት፣ የጀመረውን ጽሑፍ ለመጨረስ ዕድል አያገኝም። መብራት የሚያደርስብን አነሰና በእጃችን ልንጨምርበት?

ሁሉን በሩት ማስኬድ፣ የፓኬጁን ፋይል መነካካት

ሩት ሁሉ የተፈቀደለት ዋናው ተጠቃሚ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰርቪስ የራሱን ተጠቃሚ ፍጠሩለት። ሩት ካልሆነ የዌብ መግቢያ በር የሆነውን ፖርት 80 አይከፍትም የሚል ሰበብ እሰማለሁ። እውነት ነው፣ ከ1024 በታች ያሉ ፖርቶች በነባሪው ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ግን ኤንጂንኤክስ የተባለውን ዌብ ሰርቨር ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ጥያቄውን እንዲያሳልፍለት ማድረግ ይበቃል። ከፓኬጅ (ከተጫነው ፕሮግራም) ጋር የመጣ የሰርቪስ ፋይል ላይም በቀጥታ አትጻፉ፤ አፕዴት ሲመጣ ይደመስሰዋል። ሲስተምዲን የምናዝበትን የሲስተምሲቲኤልን «ኤዲት» ተጠቀሙ። በእጃችሁ የጻፋችሁትን ፋይል ከነካችሁ ደግሞ «ዴሞን ሪሎድ» በሉ፤ አለዚያ የሚሠራው የድሮው ነው።

አረንጓዴውን አይቶ ሎጉን መተው

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። «አክቲቭ» የሚለው አረንጓዴ ጽሑፍ ሰሙ ነው፤ ወርቁ ሰርቪሱ የሆነውን በሚመዘግብበት ሎግ ውስጥ ነው። ሰርቪሱ በሕይወት ኖሮ ሥራ ላይሠራ ይችላል። ሎጉን በሚያሳየው ትእዛዝ በጆርናልሲቲኤል የሰርቪሱን ስም ጠርታችሁ አንብቡ። ዲስክ ሲሞላ ትልቁን ሎግ ማጥፋትም አይበቃም። ሰርቪሱ ፋይሉን ከፍቶ እስከያዘው ድረስ ቦታው አይለቀቅም። የቆየውን ሎግ በየጊዜው የሚያዞረውንና የሚያጠፋውን ሎግሮቴትን ቀድማችሁ አዘጋጁ።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር መጻፍ

ባካፑ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሂድ ተባለና አንድ ልጅ ክሮን ላይ 8 ብሎ ጻፈ። ለማሽኑ 8 ማለት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ ልክ ቢሮ ሲከፈት። ያም ሰዓቱ ተስተካክሎ ከሆነ ነው። ብዙ ሰርቨር ሲመጣ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ስለሆነ ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። ያኔ ባካፑ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ ይጀምርና፣ ገበያው ሲደራ ሚዛኑን እያንቀረፈፈ ይውላል። በታይምዴትሲቲኤል ትእዛዝ የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ አድርጉ፣ ክሮኑ ላይ 2 ጻፉ፣ ከበላዩ በአማርኛ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» የሚል ማስታወሻ ተዉ። ከዚያ ክሮንን ሪስታርት አድርጉት፤ እሱም ከጀርባ የሚሠራ ሰርቪስ ስለሆነ፣ ካልነገራችሁት የድሮውን ሰዓት ይዞ ሊቀጥል ይችላል።